ሦስተኛው ሲሊንደር

እኅቴ ወደ አሜሪካ ስሄድ ያሸከመችኝ በርበሬና ሽሮ ብቻ አልነበረም። ሻንጣዬን ዘግቼ ልሰናበታት ስል አንድ መልእክትም ጨመረችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ያንን ልጅ ምከርልኝ። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ቤት አልሠራ፣ ትዳር አልያዘ። ያገኘውን ሁሉ አንድ አሮጌ መኪና ላይ ያፈሳል አሉ። ሰው አሜሪካ ድረስ ሄዶ አሮጌ መኪና ይገዛል?»

ምክር ወጪ የለውም። እኔም አሥራ ስምንት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ከደመወዜ ይልቅ የተረፈኝ ምክር ነው። «ተይው ለእኔ» ብያት ሄድኩ።

ቨርጂኒያ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የእኅቴን ልጅ ፍለጋ ወደ ጓሮ ብወጣ ያገኘሁት እግሩን ብቻ ነው። የቀረው አካሉ መኪና ሥር ገብቷል። መኪናዋ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1978 ሞዴል ፖርሸ 911 ኤስሲ ናት። በዕድሜ ከእኔ አሥር ዓመት ገደማ ታንሳለች፤ በአያያዝ ግን እሷ ትሻላለች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ዘይት ማቀዝቀዣ እየቀየርኩ ነው፣ ጋሼ።»

«ዘይት ደግሞ እንዲቀዘቅዝ ይፈለጋል እንዴ?»

ከመኪናው ሥር ሳቅ ተሰማ። «እስቲ ያንን ባትሪ ያብሩልኝ፤ እዚህ ጋ ያዙልኝ።»

ለመምከር የሄደው ሰው እንዲህ አድርጎ ባትሪ ያዥ ሆኖ ቀረ። ሁለት ቅዳሜ ያዝኩ። ዛሬ የምጽፈው ባትሪ ይዤ የሰማሁትን፣ በኋላም በየመጽሐፉ እያገላበጥኩ ያረጋገጥኩትን የአንድ ማሽን ታሪክ ነው። የፈረንጅ ታሪክ ስለሆነ ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኔ ጣጣ ላይ ስደርስ ወደ አገራችን አቆጣጠር እመለሳለሁ።

*

የሞተር ዘይት ሥራው ማለስለስ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ቢያንስ እኔን ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ዘይት በፒስተኑና በኩሽኔታው ዙሪያ እየተዘዋወረ ሙቀቱን ይሸከማል፤ ተሸክሞም ወደ አንድ ቦታ ወስዶ ያራግፋል። የሚያራግፍበት ቦታ ከሌለው ራሱ ይግላል። ከ120 እና ከ130 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ይሳሳል፤ ብረትን ከብረት የሚለየው ስስ ሽፋን ይሳሳና ብረት ብረትን መብላት ይጀምራል።

ራዲያተር ያለው መኪና ብዙውን ሙቀት በውኃ ያስወጣል። ውኃ የሌለው ሞተር ግን ያለው ሁለት ነገር ነው፤ ነፋስና ዘይት። ውኃ ከሌላቸው መኪኖች ሁሉ በዓለም ላይ እጅግ የተባዛው ደግሞ አዲስ አበቤ ሁሉ የሚያውቀው፣ ስንቶቻችን መንዳት የተማርንበት፣ ስንቱ መምህርና ስንቱ ነርስ ወር እየቆጠረ ዕዳውን የከፈለበት ቮልስዋገን፣ በእኛ አጠራር ቮልስ ነው።

ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሸ ነው። የቮልስና የዚህች የቅንጦት መኪና አባት አንድ ሰው መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1934 በጀርመን መንግሥት ፍላጎት ሠራተኛው ሕዝብ የሚገዛው ርካሽ መኪና እንዲሠራ ውል ተሰጠው። ያን ጊዜ በጀርመን ጋራዥ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ክረምቱም ውኃን በረዶ አድርጎ ሞተር ይሰነጥቃል። ስለዚህ ውኃ የሌለው ሞተር ተመረጠ። ከኋላ የተቀመጠ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት በቀኝ ሁለት በግራ የተጋደሙ፣ በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ነፋስ እየሳበ የሚያቀዘቅዘው ሞተር። የጦርነቱ ጊዜ ሲመጣም ይኸው ሞተር የተገጠመለት የጦር መኪና ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ውኃ ሳይጠይቅ ሄደ። ብልህ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም።

ግን አንድ ነገር ነበረበት።

ማራገቢያው የሚስበውን ነፋስ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍል ትልቅ የቆርቆሮ ቤት አለ። መሐንዲሶቹ የዘይት ማቀዝቀዣውን በዚያ ቤት ውስጥ በግራ በኩል አቆሙት። ቦታ ቆጠቡ፤ ወጪም ቆጠቡ። ዘይቱ ነፋስ አገኘ። ታዲያ ነፋሱ በጋለ ዘይት መሐል አልፎ፣ ሞቆ፣ ከሥር ወደሚጠብቀው ሲሊንደር ይወርዳል። ያ ሲሊንደር ቁጥሩ ሦስት ነው። ሌሎቹ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲያገኙ ሦስተኛው የሚደርሰው ሌላው ተጠቅሞ የተረፈው፣ ያውም የሞቀ ነፋስ ነው።

*

ይህን እኔ ከመጽሐፍ ሳላነብ በፊት ገንዘብ ከፍዬ ተምሬዋለሁ። ዘመኑ 1992 ዓ.ም. ነው። ያኔ ገና ወጣት መምህር ነኝ፤ አንድ የ1960ዎቹ ሥሪት ቮልስ አለችኝ። ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ልደርስ እየቸኮልኩ አባይ በረሃ ወረድኩ። መውረዱ መልካም ነበር። ከድልድዩ ወዲያ ወደ ደጀን መውጣት ስጀምር፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዳገት ነው፣ ሞተሩ ማጉረምረም፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ መሳል ጀመረ። እኔም ቸኩያለሁና ነዳጅ ረገጥኩበት። በመጨረሻ አንድ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ ደጀን አደረሰኝ። ለቅሶውንም በማግሥቱ ደረስኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሠፈራችን ወዳለ የቮልስ ሐኪም አስጎተትኳት። አዛውንት ናቸው፤ ከጣሊያን ጋራዥ የተማሩ፣ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን የሚሉትን ቃላት እንደ ጸሎት የሚያወርዱ። ሞተሩን ከፈቱትና አንድ የተቃጠለ ቫልቭ አንሥተው አሳዩኝ።

«ሦስተኛው ነው» አሉ፤ ሌላ ይሆናል ብለው ያልጠበቁ ሰው ድምፅ ነበር። «ዘይት መቼ ነው ያየኸው?»

ዝም አልኩ።

«ቫልቭስ መቼ አስተካከልክ?»

አሁንም ዝም።

የቮልስ ሞተር ጠቅላላ ዘይቱ ሁለት ሊትር ተኩል ነው። እሳቸው ከእኔ ሞተር ያወጡት አንድ ሊትርም አይሞላ። ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም፤ የእኔ ነው። ቫልቭ በየጊዜው ካልተስተካከለ፣ ዘይት ካልተሞላ፣ የአዲስ አበባ አየር እንኳ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል በሚሳሳበት አገር ሞተር ምሕረት አያደርግም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «ያጠፋሁት በአራቱም ላይ ነው። ለምን ሦስተኛው ብቻ ተቃጠለ?»

ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «እሱ ሁሌም የሌላውን ትኩሳት እየጠጣ ነው የሚኖረው። ደኅና ቀን ከሆነ ይችለዋል፤ አይናገርም። ክፉ ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው።»

ያኔ እንደ ጥሩ የጋራዥ ወግ ወስጄ ለተማሪዎቼም አወራሁት፤ ከሳቅን በኋላ ረሳሁት።

*

የፋብሪካው ሰዎች የሦስተኛውን ነገር አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። ያውቁ ነበር። ብዙ ዓመት የተጠቀሙበት መፍትሔ ግን የሚገርም ነው። እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ የሦስተኛው ብልጭታ ከሌሎቹ ጥቂት ዲግሪ ዘግይቶ እንዲመጣ አደረጉ። ማለትም ነፋሱን አልጨመሩለትም፤ ሥራውን ትንሽ ቀለል አደረጉለት። ክፉ መፍትሔ አይደለም። ቢያንስ «አንተ የባሰብህ ነህ» ብሎ ማወቅ አለበት። ግን ሙቀቱ ከነበረበት አልተነቃነቀም።

እውነተኛው መፍትሔ የመጣው ለ1971 ሞዴል ነው። ማቀዝቀዣውን ከሦስተኛው ራስ ላይ አንሥተው ከኋላ በኩል የራሱ ትንሽ የቆርቆሮ ክፍል ሠሩለት። ፈረንጆቹ መካኒኮች «የውሻ ቤት» ይሉታል። ዋናው ነገር ግን ቤቱ አይደለም፤ መውጫው ነው። ዘይቱን ያቀዘቀዘው ትኩስ ነፋስ ማንም ላይ ሳይወርድ በራሱ መንገድ ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደረገ። አንድ የቆርቆሮ ቱቦ ናት። እሷን ለማሰብ ከ1938 ቢቆጠር ሠላሳ ዓመት ፈጀ።

የዚህችን መኪና ታሪክ ሳነብ ሦስተኛው ሲሊንደር በሞተሩ ውስጥ ብቻ አለመሆኑን አየሁ። የናዚ መንግሥት ቮልስን ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ ዋጋው 990 ማርክ ነው፤ በየሳምንቱ 5 ማርክ እየቆጠባችሁ፣ ቴምብር እየለጠፋችሁ ትወስዳላችሁ አለ። ወደ 336,000 የሚሆን ሰው ቆጠበ። ጦርነቱ መጣ፤ ፋብሪካው ለጦር ሠራዊቱ ማምረት ጀመረ። ከቆጠቡት ውስጥ በዚያ ቴምብር መኪና የተረከበ አንድም ሰው የለም። ገንዘባቸው የተቀመጠበትን የበርሊን ባንክ በጦርነቱ መጨረሻ ሶቪየቶች ያዙት። ቆጣቢዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲንከራተቱ ኖረው በ1961 በስምምነት ያገኙት በአዲስ መኪና ዋጋ ላይ ቅናሽ፣ አለዚያም ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ነው።

ከእነሱም በታች ሌሎች ነበሩ። በጦርነቱ ዓመታት በዚያ ፋብሪካ ወደ 20,000 የሚደርሱ ሰዎች በግዳጅ ሠርተዋል፤ ከፖላንድ፣ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከሌላም አገር የተጋዙ፣ ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ። ታሪካቸው በሚገባ ተጠንቶ ሀንስ ሞምዘንና ማንፍሬድ ግሪገር ባዘጋጁት ግዙፍ መጽሐፍ የወጣው በ1996 ነው። ድርጅቱ ለእነሱ የሚሆን 20 ሚሊዮን ማርክ የመደበው በ1998፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

መኪናዋን እንጠላት እያልኩ አይደለም። በ1945 ፋብሪካውን ከፍርስራሽ ያስነሣው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቮልስ የዓለም ሆነች። በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ስትወጣ ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን ተኩል ትንሽ ከፍ የሚል ነበር። የእኔን ወጣትነትም ተሸክማለች። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ ነገር ጥሩ ሠራ ሲባል ትኩሳቱ ማን ላይ እንደወረደ መጠየቅ ይገባል።

*

ወደ ቨርጂኒያ ጓሮ ልመለስ።

በ1948 የፈርዲናንድ ፖርሸ ልጅ ፌሪ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ግሙንድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ የቮልስን ዕቃ ተጠቅሞ 356 የተባለችውን የመጀመሪያዋን የቤተሰቡን የስፖርት መኪና ሠራ። በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ተተኪዋ ቀረበች። ስሟ 901 ነበር። ፔዦ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ «መሐሉ ዜሮ የሆነ ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው» ስላለ 911 ተባለች። ስድስት ሲሊንደር፣ 130 የፈረስ ጉልበት፣ አሁንም ያለ ውኃ።

ጉልበቱ ጨመረ፤ ሙቀቱም ጨመረ። እዚህ ላይ መሐንዲሶቹ ከቮልስ የተማሩት ይመስላል። መጀመሪያ ዘይቱን አበዙት። ቮልስ ሁለት ሊትር ተኩል ሲይዝ 911 ዘጠኝ ሊትር ያህል ይዛ፣ ዘይቷን በተለየ ጋን አስቀመጠች። ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ማቀዝቀዣም ነበራት። እሱም አልበቃ ሲል፣ ለ1969 ሞዴል 911 ኤስ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ አመጡ። የት አደረጉት ቢሉ፣ ሞተሩ ከኋላ ሆኖ ሳለ ማቀዝቀዣውን ከፊት፣ በቀኙ ፓራፋንጎ ውስጥ! ዘይቱ ከኋላ ተነሥቶ በመኪናዋ ጎን በቧንቧ ተጉዞ፣ ከፊት ንጹሕ ነፋስ አግኝቶ ይመለሳል። ረጅም መንገድ ነው፤ ውድም ነው። ነገር ግን ትኩሱ ነፋስ የሚወርድበት ሲሊንደር የለም።

ብልሆች አንዳንዴም ብልሃት ያበዛሉ። በ1972 ሞዴል ላይ የዘይቱን ጋን ከኋላ ጎማው ፊት አዛወሩና መሙያውን ከውጭ በቀኝ በኩል በትንሽ ክዳን ዘጉት። ነዳጅ ቀጂዎች ክዳኗን ሲያዩ የነዳጅ መስሏቸው ዘይት ጋን ውስጥ ቤንዚን ሞሉ ይባላል። በዓመቱ ያ ክዳን ቀረ። በ1973 ደግሞ አርኤስአር የተባለችው የእሽቅድምድም ዓይነት ማቀዝቀዣዋን ከፊት መሐል ላይ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ ነፋስ እየዋጠች የዴይቶናን የ24 ሰዓት ውድድርና የሲሲሊን ታርጋ ፍሎሪዮ አሸነፈች። እሷን ያዩ ባለ መኪኖች ሁሉ ማቀዝቀዣ ፍለጋ ቢወጡ አይፈረድባቸውም።

የእኅቴ ልጅ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ፓራፋንጎዋ ውስጥ የነበራት እንደ ትሮምቦን የተጠማዘዘ ቧንቧ ነው። ዘይቱ በቧንቧው እየዞረ ይቀዘቅዛል፤ ግን ጥቂት። በነሐሴ ሐሩር፣ በመንገድ መጨናነቅ፣ ቀስቷ ወደ ቀዩ ትጠጋለች። ስለዚህ በ1980ዎቹ ሞዴሎች የመጣውን ዓይነት ክንፋማ ራዲያተር፣ ሌላ ድርጅት አስመስሎ የሠራውን፣ ገዛ። ልዩነቱን ትኩስ ሻይ በሰሐን ገልብጠው ይጠጡ የነበሩ አባቶቻችን ያውቁታል። ሻዩ ያው ነው፤ ሲሰፋ ነው የሚበርደው።

መግጠሙ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሞተሩን አሙቆ ዘይቱን ማውረድ። በክሪክ አንሥቶ ጎማውን መፍታት። ከዚያ አርባ ዓመት ያልተነካውን የቧንቧ ዳዶ መፍታት፤ መከራው እዚህ ጋ ነው። የዝገት ማላቀቂያ ሁለት ቀን ሲያጠጣው ሰንብቷል። 36 ቁጥር ቁልፍ አንድ ወዲህ፣ ሌላ ቁልፍ ወዲያ ይዞ ካልተቃወመው ቧንቧው ራሱ ይጠመዘዛል፤ ቧንቧው ከተጠመዘዘ ደግሞ ብዙ መቶ ዶላር ነው። «አይቸኩሉ ጋሼ» ይለኛል፣ የያዝኩት ባትሪ ብቻ ሆኖ ሳለ።

አንድ ነገር ገርሞኝ ጠየቅሁት። «ማቀዝቀዣው በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«አይደለም» አለ። «ዘይት በጣም ከቀዘቀዘም ይጎዳል። ወደ 90 እና 100 ዲግሪ መድረስ አለበት። ካልደረሰ ውስጡ ያለው እርጥበት ተንኖ አይወጣም፤ ሞተሩን ይበላዋል። ለዚህ ነው ቴርሞስታት ያለው፤ 83 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ መንገዱን ይዘጋል። ብዙ ሰው ቤቱና ቢሮው መሐል ብቻ የሚመላለስበትን መኪና ማቀዝቀዣ ይገጥምለታል። ያለ ቴርሞስታት። ከዚያ የባሰ ይጎዳዋል።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል ይህ ነው።

«ሌላም አለ» አለ ቀጥሎ። «ሰው ሁሉ ነፋሱ የሚገባበትን ይቆፍራል። የሚወጣበትን ግን ይረሳል። ነፋስ መውጫ ከሌለው አይገባም።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘይቱን ሞላነው። ይህም ቢሆን ወግ አለው። የቮልስን ዘይት የምትለካው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱ ወደ ሥሩ ከወረደ በኋላ ነው። የዚህችን ግን ሞተሩ እየሠራ፣ በሚገባ ሞቆ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ነው። ሥራ ላይ እያለች ካልሆነ በውስጧ ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም።

*

ሞተሩ እየሠራ ደረጃው ላይ ተቀመጥን። የሚያንጠባጥብ እንዳለ እሱ ከሥር ከሥር ያያል።

«ጋሼ፣ እማዬ ምን ብላ እንደላከችዎት አውቃለሁ» አለኝ።

አፈርኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ያካበትኩት ምክር ሁሉ ጠፋብኝ።

«በዚህ ዕቃ ላይ ያወጣሁትን ደምሬ አውቀዋለሁ። ወደ አገር ቤት የምልከው የሦስት ወር አይሆንም። ደግሞም ከሥራ ስመጣ እዚህ ሥር ስገባ ነው የሚቀለኝ። እዚህ ሥር ስልክ አላነሣም።» ትንሽ ዝም አለ። «ካቻምና ከመስከረም እስከ ኅዳር ሥራ አልነበረኝም። ለማንም አልነገርኩም። ከክሬዲት ካርድ እየተበደርኩ ነበር የላክሁት። አሁን ነው ከፍዬ የጨረስኩት።»

ካቻምና መስከረም… በጣቴ ቆጠርኩ። እኔ የዓይን ሞራዬን በቀዶ ጥገና ያስገፈፍኩት ካቻምና በጥቅምት ነው። ወጪውን የላከው እሱ ነው። ደውዬ አመስግኜዋለሁ፤ መርቄዋለሁ፤ በምርቃት አንታማም። «ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ብዬዋለሁ። «አንተስ እንዴት ነህ?» ብዬ፣ መልሱን ለመስማት ጠብቄ፣ ጠይቄዋለሁ? ባስታውስ ባስታውስ አልመጣልኝም። ባትሪ ይዤ የረዳሁበት ዓይን ያ ነው።

ያ የጋራዥ ሽማግሌ የተናገሩት ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ያን ጊዜ ገባኝ። ደኅና ቀን ከሆነ ይችለዋል፤ አይናገርም።

በየቤታችን አንድ ሰው አለ። ዋሽንግተን ይሁን ዱባይ፣ ቤሩት ይሁን ሪያድ፣ ወይም ውጭ ሳይወጣ እዚሁ እናቱን ሲያስታምም ትዳሩ ያለፈው፣ እኅቶቿን ስታስተምር ራሷ ያልተማረችው። ቤተሰቡ ቀዝቅዞ፣ ተደላድሎ የሚኖረው በእነሱ መሐል ባለፈ ነፋስ ነው። ስናመሰግናቸው «የቤታችን ምሰሶ» እንላለን፤ ምሰሶ አይናገርማ! ከአቅማቸው በላይ የሆነባቸው ዕለት ደግሞ እኔ አባይ ዳገት ላይ እንዳደረግሁት ነዳጅ እንረግጥባቸዋለን። አሮጌ መኪና ሲገዙ፣ ወይ ለራሳቸው አንድ ነገር ሲያደርጉ ግን አህያውን ፈርተን ዳውላውን እንደበድባለን።

መላክ ይቁም ማለቴ አይደለም። እሱም አላለም። ዘይትም መቀዝቀዝ አለበት፤ ጀርመኖቹ ማቀዝቀዣውን አውጥተው አልጣሉትም። ሦስተኛው ከሥሩ የቆመ መሆኑን አወቁና ቦታውን ቀየሩ፤ ለትኩሱም መውጫ አበጁለት። ለእነሱ ሠላሳ ዓመት የፈጀባቸው ነገር ለእኛ የአንድ ስልክ ጥሪ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ እኅቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። «እሺ፣ መከርከው?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ረከቦቱ ላይ እንዳቀረቀረች ብዙ ቆየች።

«ለምን አልነገረኝም?»

«እኛስ ጠይቀነው እናውቃለን?»

እኅቴ በግቢዋ ውስጥ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት እያሠራች ነበር፤ በእሱ ገንዘብ፣ «ለእሱ ብዬ ነው» እያለች። በሳምንቱ አናጢውን ጠርታ እስከተሠራው ድረስ ሒሳብ ዘጋች። የቀረው በራሷ ጡረታና በዕቁብ ቀስ እያለ ያልቃል ብላለች። እሑድ እሑድም የምትደውለው እሷ ሆናለች። የሚነጋገሩትን አልሰማም፤ ብቻ ረጅም ነው። እኔም የዓይኔን ዕዳ ከመጽሐፍ ሽያጬ በጥቂት በጥቂቱ ልከፍል ብል «ምን ሆነው ነው ጋሼ!» ብሎ ተቆጣኝ። እየተጨቃጨቅን ነው፤ አልተሸነፍኩም።

በነሐሴ አንድ ፎቶ ላከልኝ። የመኪናዋ የዘይት ሙቀት መለኪያ ነው። ውጭው ሐሩር፣ መንገዱ የተጨናነቀ፣ ቀስቷ ግን ከመሐል ዝቅ ብላ ቆማለች። «ሠርቷል ጋሼ!» ይላል ከሥሩ።

«እሰይ! አንተስ?» ብዬ ጻፍኩለት።

ለሁለት ቀን መልስ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን መጣ።

«ትንሽ ደክሞኛል ጋሼ» ይላል።

ይህን ልጅ ከተወለደ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደክሞኛል ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስልኬን አንሥቼ ደወልኩለት።